አሥራ አራት ስም በአርባ ሰከንድ

ሰኞ፣ ግንቦት 1 ቀን 1980

አበጀን ወሰዱት። ንፍሮው ገና ከእሳት አልወረደም ነበር።

ልደታ ነው፤ ሰው ሁሉ ከነልጁ ደጅ ወጥቷል። የሰፈሩ ሴቶች ድስታቸውን ዋርካው ሥር ጥደዋል። መሪጌታው አባቴ ጸሎት አድርሰው ሊባርኩ ሲነሡ የአብዮት ጠባቂዎቹ ላንድሮቨር መጣ። ለአፈሳ እንደ ልደታ የሚመች በዓል የለም። በር መስበር የለ፣ አልጋ ሥር ማጎንበስ የለ፣ ሁሉም ውጭ ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል። ይህን ያሰበው ሰውዬ ብልህ ነው። እግዜር ብልህነቱን ይንሣው።

ታናሽ ወንድሜ እሳቱን እያራገበ ነበር። ከተቀመጠበት በክንዱ ይዘው አነሡት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቴ «ንፍሮውን እንኳ ይቅመስ» አለች።

እኔን አልነኩኝም። የቀበሌው የኪነት ቡድን ድራም መቺ ስለሆንሁ ስሜ ሌላ መዝገብ ላይ ነው ያለው። ወንድሜን ሲጭኑት ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ አንዱ አብዮት ጠባቂ «አየነው፣ ሐሙስ ልምምድ አለ አይደል?» አለኝ። አዎ አልሁት። አዎ አልሁት!

አሁን አበጀ ከሌሎች አሥራ ሦስት ልጆች ጋር ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። የቀበሌያችን ኮታ አሥራ አራት ነበር፤ ሞላ። እሑድ ኡራል የጭነት መኪኖች መጥተው ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ይወስዷቸዋል። ካለፈው ዓመት ዘማቾች ከእኛ ሰፈር ደብዳቤ የጻፈ አንድ ነው።

ጓድ ወንድይፍራው ዘንድ ሄድሁ። የቀበሌው የፓርቲ ኃላፊ እሱ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሙዚቃ አውቃለሁ የሚል። ለመንሁት። «ለኪነት የሚያስፈልግ ሰው አይዘምትም» አለኝ። «ወንድምህ ምን ይጫወታል?»

«ይዘፍናል» አልሁ። ከአፌ አመለጠኝ።

«እንግዲያው ሐሙስ ግምገማ አለ፤ እናየዋለን። እስከዚያ ከሰዓት በኋላ እያወጣህ አለማምደው።»

አበጀ ይዘፍናል! አባቴ ስንቱን የአብነት ተማሪ ለመሪጌትነት ያበቁ ሰው፣ የገዛ ልጃቸውን በሁለት ወሩ አሰናብተውታል። የግዕዙን ዜማ ከዕዝሉ መለየት አልቻለም። ሲያዜም ደቀ መዛሙርቱ መጽሐፋቸው ውስጥ ተደብቀው ይስቁ ነበር።

ሦስት ቀን አለኝ።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 2

የኪነት ክፍሉ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስምንት ሰዓት ላይ አበጀን አወጡልኝ፤ አንድ ጠባቂ በሩ ላይ ቆመ።

የሞከርነው፦
ክራር። ሁለት ክር በጠሰ።
ቤዝ ጊታር። እስከ አራት መቁጠር ያውቃል፣ ጣቱ ግን አያውቅም።
ሃርሞኒካ። ተወው።
አጃቢ ሆኖ ማጨብጨብ። እዚህም ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል።
ዘፈን። አብዮቱን የሚያወድሰውን የዘወትር ዘፈናችንን። ጠባቂው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ዞረ።

«ተወው አየነው» አለኝ አበጀ። «ልሂድ። የምሄደው እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ተናደድሁበት። ጮህሁበት። ከዚያ አለቀስን፤ ጠባቂው እንዳያይ ወደ ግድግዳው ዞረን።

በዚህ መሃል ሰይድ መጣ። ሰይድ የጎረቤታችን የእትየ ዘይነባ ልጅ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። አባቱ ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ አሁን ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ ሥራ ላይ ናቸው። ሰይድ ምሥራቅ ጀርመን ለመካኒክነት ተልኮ በሁለተኛው ዓመት «በዲሲፕሊን ጉድለት» ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሰጠው የለም። ጊታር ይመታል፤ ኪነት ግባ ስለው ግን «ለእነሱ አልጫወትም» ይላል። ሮመዳን ስለሆነ ከንፈሩ ደርቋል።

«ዘፈን የማይችል ሰው የሚዘፍነው ዘፈን አለኝ» አለና ከኪሱ ካሴት አወጣ። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

ቴፑ ውስጥ አስገባነው።

መጀመሪያ ቴፑ የተበላሸ መሰለኝ። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ድምፅ ይጎተታል፤ ይኼ ግን እንደሚያባርሩት ነው የሚሮጠው። ጊታሩ ጊታር አይደለም፣ ወፍጮ ቤት ነው። የድራሙን ምት ለመቁጠር ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። እኔ! ዘፋኙ አይዘፍንም፤ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል፣ በመሃል ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። ተጀመረ ስል አለቀ። ሌላው ተጀመረ፣ አለቀ። በአንድ ገጽ ሃያ ሁለት ዘፈን ይዟል አለ ሰይድ። የእኛ ኪነት በዚያ ጊዜ ውስጥ መግቢያውን እንኳ አይጨርስም።

ልዘጋው እጄን ስሰድ አበጀ ያዘኝ። ከሰኞ ወዲህ ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ ያየሁት ያኔ ነው።

«ድገመው» አለ።

ሦስት ጊዜ ሰማነው። ሰይድ ጀርመን ሳለ እንዲህ የሚጫወቱ ልጆችን የት እንዳየ ነገረን፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ! «እኔ እስላሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ» እያለ ይስቃል። ሌላ ቦታ አይፈቀድላቸውም፤ አንድ ቄስ ነው አዳራሹን የከፈተላቸው። ልጆቹ ፀጉራቸውን እንደ አውራ ዶሮ አቁመው፣ እየተገፋፉ፣ እየተላተሙ ይዘላሉ። ፖሊስ ውጭ ቆሞ ስም ይመዘግባል። «ግን አንድ ሰው ሲወድቅ» አለ ሰይድ፣ «ሁሉም ቆሞ ያነሣዋል። ካነሡት በኋላ እንደገና ይጋፋሉ።» የእሱም ስም እዚያ በር ላይ ተመዝግቦ ነው የተባረረው።


ረቡዕ፣ ግንቦት 3

ለቴፑ የባትሪ ድንጋይ ፍለጋ ጠዋት ግሽ አባይ ሰፈርን ዞርሁ። አራት አገኘሁ፤ ሁለቱ ያረጁ ናቸው። ካሴቱን ቤት ወስጄ ድምፁን ቀንሼ ሰማሁት።

አሁን ትንሽ ገባኝ። የእኛ ወረብ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ከበሮው እያደር ይፈጥናል፤ እጅ የሚጨበጨብበት ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ሰው ራሱን ይረሳል፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ሁሉም አንድ ይሆናል። እነዚህ ልጆች ከጽፋቱ ነው የጀመሩት። ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ቆርጠው ጥለውታል። ሌላም ነገር አለ። የእኛ ዘፈኖች ሁሉ አንድ ሰው ያመሰግናሉ፤ መሪውን፣ ሠራዊቱን፣ ገበሬውን፣ ግድቡን። ይኼ ማንንም አያመሰግንም። ጭብጨባም አይጠብቅም። ቁጣው ሲያልቅ ያቆማል። ስሰማው የሚያስጠላኝ ነገር ሁሉ ቦታ ያገኘ ይመስለኛል፣ እና ደስ ይለኛል። ደስ ማለቱ ራሱ ያስፈራል።

አባቴ በግድግዳው በኩል ሰሙ። ገብተው ቆሙ።

«ይኼ ሰው ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም አባ፤ ዘፈን ነው።»

«ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይጮህም» ብለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ። የማጉያችን ስፒከር ወረቀቱ ከተቀደደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አስጠግኑልን ብለን ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል። ዛሬ ጊታሪስታችን ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ ሲያደርገው ልክ እንደ ካሴቱ አጓራ። ሰይድ ከደስታው ግንባሩን ግድግዳ ላይ ደገፈ። ማመልከቻው መልስ ስላላገኘ እግዜርን አመሰገንሁ።

ሰይድ ጊታሪስቱን ሁለት ኮርድ አስተማረው። ከሁለት በላይ አያስፈልግም አለ። እኔ ላቤ እስኪንጠባጠብ መታሁ፤ እጄ ዝሏል፣ ይህን የምጽፈው በመከራ ነው። ሰይድ ራሱ ሊጮህ ሞክሮ ነበር፤ ግን ጾመኛ ጉሮሮ፣ ሳለው።

«አንተ ጩህ» አለው አበጀን። «ዜማ የለውም፣ አትፍራ። የሚያናድድህን ጩህ።»

አበጀ አሰበ። «አዳራሹ ውስጥ ያሉትን ልጆች» አለ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ስም ሲለዋወጡ አድረዋል፤ የአሥራ ሦስቱንም ከነአባታቸው ይዞታል።

ጀመርን። «ምናለ ታረቀ! ሁሴን አደም! ደምስ ካሴ!...» አንድ ስም፣ አንድ ምት። ወንድሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ መኖሩን አላውቅም ነበር። የሆነ ነገር ሲቀደድ ይመስላል። በመጨረሻ የራሱን ስም ጠራ፤ ከዚያ ፀጥ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ልጆች ስማቸውን ሰምተው ኖሮ ግድግዳውን በጡጫ ይደበድቡ ጀመር።

አርባ ሰከንድ። ሰይድ በሰዓቱ ለካው።


ሐሙስ፣ ግንቦት 4

ወጣ! አበጀ ወጣ!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሰይድ ግምገማው ላይ አልገባም፤ «ጀርመን ያባረረው ልጅ እዚህ ምን ይሠራል ካሉ ይበላሻል» ብሎ ከውጭ ግድግዳ ሥር ቆየ። እኛ ሦስት ነን፦ እኔ፣ ጊታሪስቱ፣ አበጀ። ጓድ ወንድይፍራው ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ተቀምጧል።

መታሁ። ጮኸ። አለቀ።

ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም። ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፤ ጓድ ወንድይፍራው ቆሞ ያጨበጭባል፣ ዓይኑ እንባ አቅሯል!

«ፉከራ!» አለ። «ዘመናዊ ፉከራ! ዘማቾቹን አንድ በአንድ ከነአባታቸው እየጠራ! ጓዶች፣ ስንት ዓመት ስፈልገው የነበረው ወኔ ይሄ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

የእኛ አገር ሰው የሚጮህ ወንድ ሲያይ ከፉከራ ሌላ አይታየውም። ጠላቱን እንጂ የላከውን ሰው የሚራገም ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? አበጀ «ቀበራችኋቸው» እያለ ነው የሚጮኸው፤ እሱ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሰማ።

አስተያየትም ሰጠ። ወደ አሥር ደቂቃ ይርዘም። ትንሽ ቀስ ይበል። መጨረሻው ላይ መፈክር ይግባ። እሑድ በሽኝቱ ላይ በኳስ ሜዳው ይቀርባል። ከዚያ መዝገቡን አውጥቶ አበጀን ከአንዱ ሰርዞ ሌላው ላይ ጻፈው። እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ እያየሁ ነበር።

እናቴ በር ላይ ስታየው መሬት ሳመች። ሰይድን ማፍጠሪያው እኛ ቤት ይሁን አልነው። ሥጋችን ስለሚለያይ ዓሣ ጠበስን። ፀሐይ እስክትገባ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ጠበቅነው። ተምሩን ቀመሰና «አሁን ልጩህ» ብሎ ታንኳ ላይ ያሉትን ሰዎች አስደነገጠ። አበጀ ሳቀ። ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው።

እትየ ዘይነባም መጡ፤ እናቴን አቅፈው «ያንቺ ልጅ የኔም ነው» አሏት።


ዓርብ፣ ግንቦት 5

ሰይድን ወሰዱት። ከጁምዓ ሲወጣ፣ ከመስጊዱ በር ላይ።

አሥራ አራት። ኮታው አሥራ አራት ነው። አበጀ ሲወጣ አሥራ ሦስት ቀረ፤ አሥራ ሦስት ደግሞ አይላክም። ይህን የማያውቅ ሰው በቀበሌያችን የለም። አንድ ልጅ ሲያመልጥ ሌላ እናት በሯን እንደምትዘጋ ከልጅነታችን እናውቃለን። እኔ ግን ትናንት ዓሣ ስጠብስ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆጠርሁም። ሰይድም አልቆጠረም። ደስታ አደነዘዘን።

ሮጬ ጓድ ወንድይፍራው ዘንድ ሄድሁ። መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጀሁ፦ ያ ሙዚቃ የሰይድ ነው፤ ኮርዱን ያስተማረን እሱ ነው፤ ከእኛ ሁሉ ለኪነት የሚያስፈልግ እሱ ነው።

«ስለ ሰይድ እንድሪስ ነው የመጣሁት» አልሁ።

ቀና አለ። «ያ ከጀርመን በዲሲፕሊን የተመለሰው? ግንባር መካኒክ ያስፈልጋል። ደግሞ እዚያ ምን ዓይነት ነገር ሲሰማና ሲያይ እንደነበር ሪፖርት አለው። ከእናንተ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከኪነቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለ ንገረኝ።»

ጠረጴዛው ላይ መዝገቡ ተዘርግቷል። የአበጀ ስም ከላይ በኩል ነው፤ ቀለሙ ገና አዲስ። ሙዚቃው ከየት እንደመጣ ብናገር ፉከራው ፉከራ መሆኑ ይቀራል። አበጀ ይመለሳል። ምናልባትም እኔ።

«ምንም» አልሁ። «ጎረቤት ነው።»

«በል እንግዲህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የት እንደሄድሁ በደንብ አላስታውስም። ወደቡ ላይ ቆሜ ወደ ደልጊ የሚሄደው ጀልባ መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሰኞ አሉኝ። የሰይድ አባት እስኪሰሙ ልጁ ሄዷል።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 6

ምግብ ማስገቢያ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሄድሁ። ሰይድ ጾሙን አልፈታም፤ ያመጣሁትን ለማምሻ አስቀመጠው። አበጀ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ላይ ነው ያነጠፉለት።

«ትናንት ጠየቁኝ» አለኝ። «ከኪነቶቹ ልጆች ጋር ምን አለህ አሉኝ። ምንም አልኋቸው። አንተንስ?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልኸው?»

«ምንም።»

ሳቀ። ሳቁ ግን እንደ ሐሙስ አልነበረም። «ተስማምተን ያደርን ነው የምንመስለው» አለ።

ያልነው አንድ ቃል ነው። እሱ ሲለው የከፈለው ራሱ ነው፤ እኔ ስለው የከፈለው እሱ ነው። ይህን ለራሴ እዚህ ካልጻፍሁት የትም አልጽፈውም።

ስለ ሽኝቱ ነገርሁት፤ አሥር ደቂቃ ይሁን፣ ቀስ ይበል ማለታቸውን። ተቆጣ። «እንዳታለሳልሱት» አለኝ። «አርባ ሰከንድ ነው። የእኔንም ስም ስትጠሩ እንዳታለሳልሱት።»

ቤት ስመለስ እትየ ዘይነባ ከእናቴ ጋር ተቀምጠዋል። ለዒድ የገዙት ዱቄት አልተፈታም፣ እንደታሠረ ከጎናቸው አለ። ተነሥተው እጄን ያዙ።

«አየነው ልጄ፣ እናንተ አበጀን እንዴት አስፈታችሁት? ንገረኝና እኔም ላድርገው።»

«በኪነት ነው እትየ» አልሁ።

«ታዲያ ሰይድስ ጊታር ይመታል እኮ! አንተ ታውቃለህ፣ አብራችሁ አይደለም እንዴ? እስኪ ንገርልኝ፤ አንተን ይሰሙሃል።»

እናቴ አየችኝ። አባቴ ከመጽሐፋቸው ቀና ብለው አዩኝ። አበጀ ከጓዳ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«እነግራለሁ» አልሁ። ነገርሁ ግን? የለም። አባቴ ሳይናገሩ ነጠላቸውን ለብሰው እትየን ይዘው ወደ ቀበሌ ሄዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። «ስብሰባ ላይ ነው» ተብለዋል።

አበጀ ሁሉንም አወጣጣኝ። ደበቅሁት ማለት አልችልም፤ ፊቴ ላይ ነበር። «እኔን ነው የሸጥኸው ወይስ እሱን?» አለኝ። ላንተ ነው አልሁት። «እኔ መች ለመንሁህ» አለ።


እሑድ፣ ግንቦት 7

ሄዱ።

ከማለዳው ጀምሮ ኳስ ሜዳው ሞልቶ ነበር። አራት ኡራል፣ የሁሉም ቀበሌ ልጆች። እናቶች ከገመድ ወዲያ። ድምፅ ማጉያው «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ይላል። የመጀመሪያው ኪነት እኛ ነን። ጓድ ወንድይፍራው የአሥራ አራቱን ስም በታይፕ አስጽፎ ለአበጀ ሰጠው፤ የአበጀ ስም በነበረበት፣ መጨረሻ ላይ፣ ሰይድ እንድሪስ።

አላረዘምነውም። ከመታሁ ወዲያ ማን ያስቆመኛል።

አበጀ ወረቀቱን አላየም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በየስሙ ከአንዱ ኡራል ላይ ድምፅ ይመለሳል፤ ከገመዱ ወዲያ ደግሞ የአንዲት ሴት ጩኸት። ስድስት፣ ሰባት። የቀበሌ ሰዎች እንደ እልልታ ቆጠሩትና ያጨበጭባሉ። ጩኸቱ እንዲህ ሰፊ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን አላወቅሁም ነበር። ሰው ፀጉሩ ይቆማል። እኔም ቆመብኝ፤ እናም እዚያ መሃል ላይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የምፈልገው ሙዚቃ ይህ ነው ብዬ አሰብሁ። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።

አበጀ አፉን ዘጋ።

እኔ እየመታሁ ነው። ጊታሩ ያጓራል። ማይክሮፎኑ ፊት ወንድሜ ቆሟል፣ ጥርሱን ገጥሟል። ሁለት ዙር አለፈ፣ ሦስት። ጓድ ወንድይፍራው አንገቱን ዞር አደረገ፤ ወደ ወረቀቱ፣ ከዚያ ወደ አበጀ።

«ሰይድ እንድሪስ!»

የጮህሁት እኔ ነኝ። ከድራሙ ኋላ፣ ያለ ማይክሮፎን። ሁሉም ሰማው።

ሰይድ ሦስተኛው ኡራል ላይ ቆሞ ነበር። እጁን አነሣ። ፈገግ ይበል ጥርሱን ይንከስ ከሩቅ አልለየሁትም። ሞተሮቹ ተነሡ፤ አቧራው እኛ ላይ መጣ።


ሰኞ፣ ግንቦት 8

ጓድ ወንድይፍራው ወደ ቤት ድረስ መጣ። ከላይ ያሉት ሰዎች ወደውታል፤ በሌሎች ከተሞችም ሽኝት ላይ እንድናቀርብ ይፈልጋሉ። የመጨረሻው ስም ላይ ድራም መቺው መግባቱ ጥሩ ሐሳብ ነበር አለ። ለአበጀ እንቁላል አብሉት፣ ጉሮሮው ይጠበቅ።

አበጀ ጉሮሮው አብጧል። በምልክት ነው የሚያወራው፤ ከእኔ ጋር በምልክትም አያወራም።

የሰፈሩ ልጆች ዋርካው ሥር እየተገፋፉ የየራሳቸውን ስም ከነአባታቸው ይጮሃሉ። ጥሩ አድርገው ነው የያዙት። አንዱ ሲወድቅ ግን ረገጡት፤ ማንሣቱን ማንም አላሳያቸውም።

የደልጊው ጀልባ ጠዋት ሄደ።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

ዛሬ ዒድ ነው። እትየ ዘይነባ እንደየዓመቱ ሳህን ልከዋል ብላ እናቴ ስትነግረኝ አላመንሁም። ዱቄቱን ፈትተው ጋግረውታል። ከጎኑ በትንሽ ብርጭቆ ነጭ ማር አለ።

ልነግራቸው ሄድሁ። ስንት ጊዜ ከበሩ እንደተመለስሁ አልጽፍም። በሩ ክፍት ነው፣ እሳቸው ብቻቸውን ናቸው፣ አዲስ ልብስ አልለበሱም።

ቆሜ ተናገርሁ። ሙዚቃው የሰይድ እንደነበረ፤ የአበጀን ቦታ እንደሞላ፤ ዓርብ ስጠየቅ ያልሁትን። ሳላቋርጥ፣ ቶሎ ቶሎ። አላቋረጡኝም።

«ሰይድ ቅዳሜ ማታ፣ ማፍጠሪያውን ሳደርስለት ነግሮኛል» አሉ። «ሁሉንም። ቀበሌ ሄጄ እንዳልናገር አስምሎኛል፤ ወላሂ አስብሎኛል። አበጀን ይመልሱታል አለኝ።»

ስለ ማሩ አመሰግናለሁ አልሁ።

«ማሩ የአበጀ ነው» አሉኝ። «የልጄን ስም አልጠራም ብሎ አፉን ሲዘጋ አይቻለሁ። አንተ ስትጠራውም አይቻለሁ።»

ሰይድ ራሱ ጥሩት ብሎኛል ማለት እችል ነበር። እውነት ነው፣ ብሎኛል። ግን ስጠራው የእሱን ልመና እያሰብሁ አልነበረም፤ የጓድ ወንድይፍራውን አንገት እያየሁ ነበር። ስለዚህ አላልሁም።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ሳህኑን አንተው መልስልኝ። እናትህን እንዳትልክ።» ፊታቸው ላይ ምን እንዳለ ለማየት አልደፈርሁም። ሊያስገቡኝ ይሁን ሊቀጡኝ አላወቅሁም።

ቤት ስገባ አበጀ ብርጭቆውን ይዞ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። «ለሁለታችን ነው?» አለኝ። ከእሑድ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፁ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ሻክሯል።

«ላንተ ብቻ ነው» አልሁት።

በማንኪያ ቀመሰ። ሐሙስ ልምምድ እንደማይሄድ ነገረኝ፤ ከእንግዲህ የማንንም ስም እንደማይጠራ። ከቀረ ስሙ ተመልሶ የት እንደሚጻፍ ሁለታችንም እናውቃለን። አብሬው እቀር እንደሆነ ጠየቀኝ።

ነገ እነግርሃለሁ አልሁት።